ከዲሲ ዛንዚባር በአዲስ አበባ በኩል፦ የክሬዲት ካርድ ነጥብን ለቤተሰብ ዕረፍት ማዋል

ለአራት ሰው ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትኬት መቁረጥ የብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ትልቁ ወጪ ነው። ልጆቹ አያቶቻቸውን ካዩ በኋላ አራት አምስት ቀን በባሕር ዳርቻ ይረፉ ከተባለ ሂሳቡ ይብስበታል። ደግነቱ የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ከቦሌ ሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በቀጥታ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ነጥብ የሚያጠራቅም ቤተሰብ የጉዞውን ትልቁን ክፍል በነጥብ መሸፈን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን ካላበላሸው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወንበር ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ሂሳብ ይሠራል፣ ነጥብ የሚዛወረው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል። የባንኩን ነጥብ ወደ አየር መንገዱ ካዛወረ በኋላ ወንበር ፍለጋ ይገባል፤ ወንበር ሲታጣ ነጥቡ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከባንክ ወደ አየር መንገድ ወይም ወደ ሆቴል የተዛወረ ነጥብ ወደ ባንኩ አይመለስም።

ነጥቡ የት ይጠራቀም

ወደ አንድ አየር መንገድ ብቻ ከሚሄድ ነጥብ ይልቅ የባንክ ነጥብ ይመረጣል። ቼዝ፣ አሜሪካን ኤክስፕረስ፣ ካፒታል ዋንና ቢልት ነጥባቸውን ወደ ኤር ካናዳው የማይል (የአየር መንገድ ነጥብ) ፕሮግራም አንድ ለአንድ ያዛውራሉ። ፕሮግራሙ ስሙ ኤሮፕላን ነው፤ በአማርኛ ከአውሮፕላኑ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ኤር ካናዳና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆኑ፣ የካናዳው ነጥብ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ ወንበር ይገዛል። የዩናይትድ አየር መንገድ ማይልም ይሠራል፤ ወደ እሱ ከቼዝ ማዛወር ይቻላል። ኤሮፕላን ግን ለዚህ ጉዞ አንድ ብልጫ አለው፦ በአንድ አቅጣጫ ትኬት ላይ በሰው 5,000 ነጥብ ጨምሮ መሐል ከተማ ላይ እስከ 45 ቀን መቆየትን ይፈቅዳል። መሐል ከተማዋ አዲስ አበባ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ኤሮፕላን እስከ ስምንት ሰው የሚሆን ቤተሰብ ነጥቡን በነፃ በአንድ ቋት እንዲያጠራቅም ያደርጋል። ባልና ሚስት ለየብቻ ካላቸው አስቀድመው ያዋህዱት። 18 ወር ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ የሌለበት ሂሳብ ግን ነጥቡን ያጣል።

ስለ ካርዱ አንድ ሁለት ነገር። በየወሩ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው ይህን ነገር ባይጀምረው ይሻለዋል፤ የካርድ ወለድ የነጥቡን ዋጋ በሁለት ወር ይበላዋል። የዕቁብ ተራን ለመክፈል ከካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነጥብ አያስገኝም፤ ክፍያና ወለድ ግን ከዚያው ቀን ይቆጠርበታል። የእንጀራና የቅመም ሱቁ በካርድ ለሚከፍል 3 በመቶ የሚጨምር ከሆነም በጥሬው ክፈሉ፤ በአንድ ዶላር አንድ ነጥብ የሚሰጥ ካርድ 3 ሳንቲም አያካክስም።

ስም፣ የኛው ሰው ዋና መሰናክል

ባንኩ ነጥብ የሚያዛውረው በሁለቱም ሂሳብ ላይ ያለው ስም አንድ ሲሆን ነው። የኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ ችግር ያመጣል። አንዱ ቦታ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ቦታ የአባት ስም፤ «ገብረ» አንዱ ጋ ተለይቶ፣ ሌላው ጋ ተያይዞ ይጻፋል። የማይል ሂሳቡን ስትከፍቱ ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ታች ባሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ከዚያ የባንኩን ስም ከሱ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ለባንኩ ደውላችሁ አሁኑኑ አስተካክሉ። ወንበር ከተገኘ በኋላ ስም ማስተካከል ቀናት ይፈጃል፤ ወንበሩ ቀናት አይጠብቅም።

እናት የራሷን አባት ስም ይዛ ልጆቹ የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ የመጨረሻ ስማቸው አይገጥምም። ትኬት ለመቁረጥ ችግር የለውም። አንዱ ወላጅ ብቻውን ልጆቹን ይዞ ሲሻገር ግን የልደት ሰርተፊኬት ቅጂና ሌላኛው ወላጅ ውል አዋዋይ ፊት የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ በቦርሳው ቢኖር ይበጃል።

ወንበር ፍለጋ

በነጥብ የሚሸጥ ወንበር አየር መንገዱ ለአጋሮቹ የሚለቃቸው ጥቂት መቀመጫዎች ናቸው፤ በገንዘብ ወንበር ሞልቶ በነጥብ ምንም ላይኖር ይችላል። በኤሮፕላን ድረ ገጽ ገብታችሁ እንዲህ ፈልጉ፦

1. መጀመሪያ ከደለስ (ከዋሽንግተን ኤርፖርት) አዲስ አበባ ብቻ፣ ለአንድ ሰው፣ በአንድ አቅጣጫ። የትኞቹ ቀናት እንደተከፈቱ ታያላችሁ።
2. በተከፈቱት ቀናት የሰውን ቁጥር ወደ አራት አሳድጉ። ውጤቱ ከጠፋ ወንበሩ የለም ማለት ሳይሆን አራት የለም ማለት ነው። በሦስት፣ በሁለት ሞክሩ።
3. ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ለብቻው ፈልጉ።
4. ሁለቱም ከተገኙ በኋላ ብቻ መሐል ከተማ ላይ መቆየትን የሚጨምረውን ባለ ብዙ ከተማ ፍለጋ ሞክሩ። ከመጀመሪያው በዚህ ከጀመራችሁ አንዱ በረራ ሲጎድል ድረ ገጹ ሁሉንም «የለም» ይላችኋል፤ የጎደለው የትኛው እንደሆነ አይናገርም።
5. መልሱንም እንዲሁ።

የትምህርት ቤት መዝጊያ ሰሞን፣ እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት የዲሲ ሰው ሁሉ የሚሄድባቸው ጊዜያት ናቸው። በእነዚህ ቀናት አራት ወንበር በአንድ ላይ የሚገኘው ወይ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ወይ መነሻው ሲቃረብ ነው። ልጅ ላለው ሰው ሁለተኛው ቁማር ስለሆነ መጀመሪያውን ያዙ። ማክሰኞና ረቡዕ መነሣት ብዙ ጊዜ ይቀናል።

አንዳንዴ ወንበሩ ይታይና ክፍያ ላይ ሲደርስ ስህተት ይመጣል። ወንበሩ ቀድሞ ተሽጦ የድረ ገጹ መረጃ ሳይታደስ የቀረ ነው። ስለዚህ ነጥብ ከማዛወራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ድረስ ሂዱ፤ የተጓዦችን ስም ሞልቶ ማለፍ ከቻለ ወንበሩ የምር አለ።

የ8,000 ማይሉ መስመር

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል፤ ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ኤሮፕላን በአጋር አየር መንገድ ላይ የሚያስከፍለው በበረራው ርቀት ነው፤ እዚህ ማይል ስንል ርቀቱን እንጂ ነጥቡን አይደለም። ከደለስ አዲስ አበባ 7,160 ማይል ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዛንዚባር 1,050 ይሆናል። ሲደመር ከ8,200 ያልፋል። የዋጋ ሠንጠረዡ ደግሞ ከ6,001 እስከ 8,000 ማይል አንድ ዋጋ፣ ከ8,000 በላይ ሌላ ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ላይ ብታቆሙ ከመስመሩ በታች ናችሁ፤ ዛንዚባርን በትኬቱ ላይ ከጨመራችሁ ትሻገራላችሁ።

ፕሮግራሙ በኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ያወጣው ሠንጠረዥ ለኢኮኖሚ ወንበር በአንድ አቅጣጫ 55,000 እና 70,000 ነጥብ ይል ነበር። ሠንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ስለተከለሰ የዛሬውን ከድረ ገጹ አይታችሁ ተኩበት፤ የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው፦

አዲስ አበባ ብቻ፣ ደርሶ መልስ፦ 55,000 ሲደመር 55,000፣ በሰው 110,000።

ዛንዚባር ድረስ፣ ሲሄዱ አዲስ አበባ ላይ ቆይታ፣ ሲመለሱ በቀጥታ ማለፍ፦ 70,000 ሲደመር 5,000 ሲደመር 70,000፣ በሰው 145,000።

ልዩነቱ በሰው 35,000፣ ለአራት ሰው 140,000 ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ ቢያንስ አንድ ሳንቲም ያወጣል ብለን ብንነሣ (ካፒታል ዋን የጉዞ ወጪን የሚያካክስበት ዋጋ ይህ ነው)፣ ይህ 1,400 ዶላር ነው፤ በነፍስ ወከፍ 350። የአዲስ አበባ–ዛንዚባር ደርሶ መልስ ትኬት በገንዘብ ከ350 ዶላር በታች ከተገኘ በገንዘብ ግዙት፤ ነጥባችሁን ለረጅሙ በረራ አስቀምጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ትኬት አድርጉት።

በገንዘብ መግዛት ግን አንድ ጣጣ አለው። ሁለት ትኬት ሲሆን የዛንዚባሩ በረራ ቢዘገይና የዲሲው ቢያመልጥ ማንም አይጠየቅላችሁም። ስለዚህ ከዛንዚባር ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ መግባት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ጊዜ መግባት ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ኢ-ቪዛ ዛንዚባር ስትሄዱ ያበቃል፤ ሁለተኛ ቪዛ መክፈል ይመጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ስለሚገባ አይነካውም። ችግሩ ልጆቹ ላይ ነው፤ ወላጆች መታወቂያ ኖሯቸው ለልጆቹ ሳይወጣላቸው የሚቀርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። የሁለተኛውን ቪዛ ዋጋ ከ350 ዶላሩ ጋር በምታነጻጽሩት ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ልጆችን በነጥብ ማስኬድ ሁልጊዜ አያዋጣም

በነጥብ ሲሆን የስድስት ዓመት ልጅም የአዋቂ ያህል ይከፍላል። በገንዘብ ሲሆን ግን ከ2 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂው ይቀንሳል። ነጥባችሁ ለአራት የማይበቃ ከሆነ ልጆቹን በገንዘብ አድርጉ። ልጅ ብቻውን በአንድ ትኬት ማስያዣ ላይ መግባት ስለማይችል፣ አንዱ ወላጅ ከልጆቹ ጋር በገንዘብ፣ ሌላው በነጥብ በዚያው በረራ ላይ ይያዝ። ከዚያ ለአየር መንገዱ ደውላችሁ ሁለቱን ማስያዣዎች አያይዙልን በሉ፤ አለበለዚያ በረራ ሲቀየር አንዱን ወገን ብቻ ወደ ሌላ ቀን ሊያዞሩት ይችላሉ።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጭን ከሄደ ኤሮፕላን በአንድ አቅጣጫ 2,500 ነጥብ ወይም 25 የካናዳ ዶላር ያስከፍላል። በጉዞው መሐል ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመልሱ ወንበር ያስፈልገዋል።

በነጥብ መሄዱ ራሱ ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ፣ የገንዘቡን ዋጋ ወስዳችሁ በነጥብ ስትቆርጡ የምትከፍሉትን ታክስና ክፍያ ቀንሱ፤ የቀረውን ለነጥቡ አካፍሉ። ለምሳሌ ትኬቱ 1,500 ዶላር፣ ታክስና ክፍያው 120 ቢሆን፣ ለ110,000 ነጥብ 1,380 ዶላር ይደርሳል፤ በነጥብ 1.25 ሳንቲም። ከአንድ ሳንቲም በታች ከወረደ በገንዘብ ግዙ።

ማዛወርና መቁረጥ

የክፍያውን ገጽ በአንድ መስኮት ክፍት አድርጋችሁ በሌላው የባንኩን ክፈቱ። ከቼዝና ከአሜሪካን ኤክስፕረስ የሚዛወረው በሺህ በሺህ ስለሆነ 435,600 የሚያስፈልገው 436,000 ያዛውራል። ከቼዝና ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ ኤሮፕላን የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይገባል። ታክሱና በአጋር በረራ ላይ በትኬት የሚታሰበው 39 የካናዳ ዶላር በገንዘብ ይከፈላል። መሄጃና መመለሻን ለየብቻ ከቆረጣችሁ 39ኙ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ይህን ታክስ የጉዞ መድን ባለው ካርድ ክፈሉ። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ለምሳሌ በረራ ከ12 ሰዓት በላይ ከዘገየ ወይም ማደር ካስገደደ በትኬት እስከ 500 ዶላር የሆቴልና የምግብ ወጪ ይመልሳል።

ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ነገር ይቀራል። በመጀመሪያ፣ የትኬት ቁጥሩን እዩ፤ በኤር ካናዳ በኩል የተቆረጠ ትኬት በ014 ይጀምራል። የማስያዣ ኮድ ኖሮ ይህ ቁጥር ካልመጣ ትኬቱ ገና አልወጣም፤ በማግስቱም ካልመጣ ደውሉ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የራሱን ስድስት ፊደል ኮድ ጠይቁ፤ ከኤር ካናዳው ሊለይ ይችላል። በሱ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ገብታችሁ አራቱን ወንበር አንድ ላይ ምረጡ፣ የልጆችና የጾም ምግብም እዘዙ። ይህን አዘግይቶ ኤርፖርት ላይ «እባክሽ እህቴ ከልጄ ጋር አስቀምጪኝ» ማለት የሚሠራበት ቀን አለ፤ የማይሠራበትም አለ።

ማደሪያው

ዛንዚባር ላይ በነጥብ በቀጥታ የሚያዝ ሁነኛ ሆቴል ስቶን ታውን ውስጥ ያለው ፓርክ ሃያት ነው። የሃያት ነጥብ ከቼዝና ከቢልት አንድ ለአንድ ይገባል፤ በነጥብ ለሚያድር ሃያት የሪዞርት ክፍያ አይጠይቅም። ነገር ግን ስቶን ታውን አሮጌ ከተማ እንጂ ልጆች ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ የሚውሉበት ዳርቻ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ይበቃዋል። ስታስይዙ ልጆቹንም ከእነ ዕድሜያቸው አስመዝግቡ፤ ለሁለት ሰው ብላችሁ አራት ሆናችሁ ብትደርሱ የተጨማሪ አልጋ ክፍያ ወይም ሁለተኛ ክፍል ሊመጣባችሁ ይችላል።

በባሕር ዳርቻዎቹ መንደሮች ያሉት ሪዞርቶች፣ ኑንግዊም ሆነ ኬንድዋ፣ ፓጄም ሆነ ጃምቢያኒ፣ አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ የየትኛውም የነጥብ ፕሮግራም አባል አይደሉም። እዚያ የሚሠራው የካፒታል ዋን ማይል ነው፦ በካርዱ ትከፍላላችሁ፣ በ90 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ያንን ወጪ በማይል ታጠፋላችሁ፤ 10,000 ማይል 100 ዶላር ይከፍላል። ይህ የሚሆነው ክፍያው በባንኩ መዝገብ «ጉዞ» ሆኖ ሲገባ ነው። ትንንሽ ሎጆች በባንክ ሐዋላ ወይም በሌላ ድርጅት ስም በሚያስከፍሉ ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ቀብድ ብቻ በካርዱ ክፈሉና ከቀናት በኋላ ማይሉ ይሸፍነው እንደሆነ አይታችሁ ቀሪውን ጨርሱ።

ነጥብ የማይከፍለው

የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ነው፤ ለሕፃንም ያው። በኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ብቻ አመልክቱ፤ ስሙን አስመስለው ተጨማሪ የሚያስከፍሉ አሉ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቲቱን መድን ይገዛል፤ ለአዋቂ 44፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ 22 ዶላር። የራሳችሁ የጉዞ መድን ቢኖርም ይህ አይቀርም። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ቪዛውን 400፣ መድኑን 132፣ በድምሩ 532 ዶላር ይዘው ይነሡ። ከቤተሰቡ ውስጥ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ካለ የቪዛው ደንብ ሌላ ስለሆነ፣ የማይመለስ ነገር ሳትከፍሉ በፊት የሱን አረጋግጡ።

ከዚያ ቢጫ ወባ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ አዲስ አበባ ሰንብቶ ዛንዚባር የሚገባ ሰው፣ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ጭምር፣ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ክትባት ሁሉም ክሊኒክ አይሰጠውም፤ ፈቃድ ያላቸው የጉዞ ክሊኒኮች ጋ ቀጠሮ ያዙና ስለ ወባ መድኃኒትም በዚያው ጠይቁ። የክትባቱን ካርድም የትውልድ መታወቂያውንም ሰው «ቢጫ ካርድ» ይላቸዋል። «ቢጫ ካርድ ይዘናል» ያለ ቤተሰብ የትኛውን እንደያዘ ይይ፤ ዛንዚባር የሚጠየቀው የክትባቱ ነው።

መቼና የትኛው ዳርቻ

ከማርች እስከ ሜይ ዛንዚባር ትልቁ ዝናቧ ነው። ከጁን እስከ ኦክቶበር ደረቅ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ጭቃ ስትጠመድ እዚያ ፀሐይ ነው። ነሐሴ የሚሄዱ ፍልሰታ ላይ ስለሚውሉ ለወጥ ቤቱ አስቀድመው ይንገሩ፤ ቦሎቄ በኮኮናት ወተትና ሩዝ የአገሩ የዘወትር ምግብ ስለሆነ ጾመኛ አይቸገርም።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይመረጣሉ፤ ባሕሩ ሲሸሽ ብዙም አይርቅም፣ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ከኤርፖርት ሰዓት ተኩል ገደማ መኪና አለው። በምሥራቅ በኩል ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ውኃው ግን በቀን ሁለት ጊዜ በመቶዎች ሜትር ይሸሽና ልጆቹ ጭቃማ አሸዋ ላይ ይቀራሉ። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን ይብሳል። የቦታውን የማዕበል ሰንጠረዥ ሪዞርቱን ጠይቃችሁ ቀኑን ምረጡ። ባሕር ውስጥ እሾሃማው የባሕር ጃርት ስላለ ለእያንዳንዱ ልጅ የውኃ ጫማ ያስፈልጋል፤ ከዚያው ከአሜሪካ ይዛችሁ ሂዱ።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት ትታችሁ በትንንሽ ቦርሳ ተሻገሩ፤ የሁለቱ በረራዎች የጓዝ ልክ አንድ ላይሆን ይችላል። ቦርሳ ስታዘጋጁ የፌስታል ከረጢቶቹን አውጡ፤ ታንዛኒያ ከጁን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች፤ መግቢያው ላይ ያስጥሏችኋል።